የካያኖ ረግረግ አሥራ አንድ ፍሬዎች

የኢሶሳኪ ቤትና የታካባ ቤት የተጣሉት በአበባ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። በዚህ ስልሳ ዓመት ውስጥ ደም የተቃቡ አገሮች ታርቀው ድልድይ አብረው ሠርተዋል፤ የተፋቱ ባልና ሚስት ተመልሰው ተጋብተው፣ ሰልችቷቸው ደግመው ተፋትተዋል። እነዚህ ሁለት ቤቶች ግን አንዲት የአዲስ ዓመት ካርድ እንኳ ተላልከው አያውቁም። በካያኖ ከተማ ደግሞ የአዲስ ዓመት ካርድ መንፈግ ማለት በቁም መቅበር ነው።

የጠቡ ሥር እንዲህ ነው፤ የታካባ አያት ችግኝ ሻጭ ነበሩ። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ቢጫ አበባ ከባሕር ማዶ አስመጡና ለከተማው ሁሉ ቸበቸቡት። ያልገዛ ቤት አልነበረም። ቢጫው አበባ ግን በአጥር የሚታገድ ዓይነት አልሆነም። ሁለት ክረምት ሳይሞላው አጥሩን ዘለለ፣ ወንዙን ተከትሎ ወረደ፣ ከከተማው በታች ያለው ረግረግ ገብቶ አገር በቀሉን ሣርና አበባ እንደ አንበጣ መንጋ ጠራርጎ በላው። እዚያ ረግረግ ውስጥ ሳኩራሶ የምትባል፣ ከስንዝር እምብዛም የማትዘል ሮዝ አበባ ነበረች። ድሮ ስታብብ መልኳ ሰማዩን ያቀላው ነበር ይባላል። የቀረችው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እግር ብቻ ናት።

እነዚህን ለማዳን የካያኖ አገር በቀል ዕፅዋት ማኅበርን የመሠረቱት አቶ ኢሶሳኪ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ሊቀመንበርነቱ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ኪኑዮ ደረሰ። ጥላቻውም አብሮ ደረሰ። ወይዘሮ ኪኑዮ ጥላቻውን እንደ ችግኝ ኮተኮቱት፣ ውሃ አጠጡት፤ ዛሬ በካያኖ ከእሱ የበለጠ ጥላ ያለው ዛፍ የለም።

ፍቅር ደግሞ ጥላ ሥር መብቀል ይወዳል። የወይዘሮ ኪኑዮ አንድ ልጅ ቶዋኮ የታካባን የልጅ ልጅ፣ ጌንጎን ወደደች።

*

ማኅበሩ ረግረጉ ውስጥ የሚሠራው በየወሩ ሁለት እሑድ ነው። የዚያን የሰኔ እሑድ ጠዋት ሃያ ሦስቱ አባላት በሩ ላይ ተሰልፈው ጫማቸውን ያጥባሉ። ሕጉ ነው፤ በጫማ ሶል የተጣበቀች የውጭ ዘር ወደ ረግረጉ እንዳትገባ ሰው ሁሉ በብሩሽ ፈግፍጎ፣ በገንዳ አለቅልቆ ይገባል። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ። ጌንጎ ሦስት ጊዜ።

"ሶሉን አጥበሃል?" አሉ ወይዘሮ ኪኑዮ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው፣ ማጭዳቸውን እንደ ሰይፍ ይዘው።

"አጥቤያለሁ።"

"ድገመው። የታካባ ጫማ በአንድ ውሃ አይጠራም።"

"ወይዘሮ፣ ሁለት ዓመት ሲታጠብ ሶሉ አልቋል እኮ። ከአሁን በኋላ በካልሲ ነው የምገባው።"

"ካልሲህንም ታጥባለህ።"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጌንጎም ሳቀ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሲስቅ ትከሻው እንደ በሬ ይናጣል። ሥራው የተነቀለው ቢጫ አበባ የታሸገባቸውን ጥቁር ከረጢቶች መሸከም ብቻ ነበር። ቢጫ ያልሆነ ነገር በጣቱ እንዳይነካ በጽሑፍ አስፈርመውታል። እሱም ፈረመ። ሌላው ሰው አንድ ከረጢት ሲሸከም እሱ አራት ይሸከማል፤ ማንም አያመሰግነውም፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሩዝ ድቡልቡሉን ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

ከቶዋኮ ጋር በሰው ፊት አይነጋገሩም። እናቷ ባሉበት "እንደምን አደርሽ" ማለት እንኳ ጦርነት ያስነሳል። ግን እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሥራ ሲጨርስ የሚሞላው ቅጽ አለ፤ የአየሩ ሁኔታ፣ የታዩ ተክሎች፣ ብዛት፣ ከታች ደግሞ "ማስታወሻ" የምትል ጠባብ ሣጥን። ቅጹን የምትሰበስበው የማኅበሩ ጸሐፊ ቶዋኮ ናት። ጌንጎ በዚያች ሣጥን ውስጥ እንዲህ እያለ ይጽፋል፦

"ዛሬ ብርቅዬ ታየች። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ገለባ ባርኔጣ ያደረገች፣ የተቆጣች። መቅረብ አልተቻለም።"

ቶዋኮ የምትመልሰው በማኅበሩ ወርኃዊ ጋዜጣ፣ በማሳሰቢያው ዓምድ ላይ ነው፦ "በጎ ፈቃደኞች ብርቅዬዎችን ከሩቅ ብቻ እንዲመለከቱ በድጋሚ ይሳሰባል። ተስፋ መቁረጥ ግን አያስፈልግም።" ጋዜጣውን ያነበበው ሕዝብ ሁሉ ስለ ተክል መሰለው። ጌንጎ ያቺን ማሳሰቢያ በመቀስ ቆርጦ፣ በካያኖ ምድር ከእሱ የበለጠ ሀብታም እንደሌለ ሆኖ ኪሱ ውስጥ ይዟት ዞረ።

ረፋዱ ላይ ነው ከምሥራቁ ጠርዝ ጩኸት የተሰማው።

"ፍሬ! ኑ! ፍሬ ይዛለች!"

የጮኹት የሰባ ስድስት ዓመቷ ወይዘሮ ፉሳኤ ናቸው። ጉልበታቸውን ሳይዙ ደረጃ የማይወጡ ሴትዮ በዚያ ጭቃ ውስጥ እንደ ሚዳቋ ዘለሉ። ሰው ሁሉ ሮጠ። ሰዎቹ ማበዳቸው አልነበረም፤ ሳኩራሶ ሁለት ዓይነት ናት። የአንደኛዋ ጉሮሮ ላይ እንደ መርፌ ራስ ያለ ነጥብ ብቅ ይላል፤ የሌላዋ መርፌ ግን ወደ ውስጥ ተደብቋል። ንብ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ካልተመላለሰ ፍሬ የለም፤ አንድ ዓይነቶቹ እርስ በርሳቸው አይወልዱም። በካያኖ የተረፉት ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ደግሞ በሙሉ ባለ መርፌ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አበቡ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መከኑ። አቶ ኢሶሳኪ የሞቱት አንዲት ፍሬ ለማየት እንደጓጉ ነው።

እነሆ፣ በቀጫጭኑ አገዳዎች ጫፍ ላይ እንደ ሽምብራ የተነፉ ፍሬዎች። ተቆጠሩ። አሥራ አንድ።

ወይዘሮ ኪኑዮ ጭቃው ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። በባላቸው ቀብር ላይ ያላለቀሱት ሴትዮ ረግረጉ እስኪሞላ አለቀሱ። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የልጃቸውን እጅ ያዙ። ቶዋኮ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ እጇን ለመጨረሻ ጊዜ የያዟት መንገድ ሲያሻግሯት በሰባት ዓመቷ ነበር።

"አየሽ፣ ልጄ? ጠበቅናት፤ ጠበቅናት፤ እሷም አላሳፈረችንም።"

ለቶዋኮ እናቷ የጨበጡት እጇ ነበልባል ላይ የተጣደ መሰላት። ይህን ደስታ ሰርቃ ያመጣችው እሷ ነበረችና።

*

ከሁለት ዓመት በፊት ጌንጎ አንዲት ሳኩራሶ በትንሽ የሸክላ መትከያ ሰጣት። "ለመስኮትሽ" አላት። ቶዋኮ የመጀመሪያዋ አበባ ስትፈነዳ ጉሮሮዋን አየች፤ መርፌዋ የተደበቀ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ብቻዋን ለቆጠራ ስትገባ፣ ተክሏን በቅርጫቷ ይዛ ገባችና ከሸምበቆው ውስጥ፣ ከእሷ በቀር ማንም የማይቆጥረው ምሥራቅ ጠርዝ ላይ ተከለቻት። ለጌንጎ "ደረቀችብኝ" አለችው። እሱም ስጦታውን የናቀችበት መስሎት አንድ ወር ሙሉ ማስታወሻ ሳይጽፍ ቀረ።

በማኅበሩ ሕግ ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ በዚህ ረግረግ ያልበቀለ ወደዚህ ረግረግ አይገባም፤ ያችው አበባ ብትሆንም። ከሌላ ተራራ የመጣች ሳኩራሶ መልኳ አንድ ነው፣ ደሟ ግን ሌላ ነው። አንዴ ከተዳቀለች ካያኖ ለሺህ ዓመታት ያሳደጋት አበባ አለቀላት። ወተት ላይ የፈሰሰ ውሃ ማን መልሶ ይቀዳዋል?

ቶዋኮ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አንቀጹን በጋዜጣው ላይ በየዓመቱ የምታትመው እሷ ናት።

ያን እሑድ ሁሉም ሲያለቅስ ያላለቀሱት አንድ ሰው ነበሩ፤ መምህር ሳኩዞ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የከተማውን ግማሽ ሳይንስ አስተምረዋል፣ ሌላውን ግማሽ ጥለዋል። ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉት የትንኝ ማባረሪያ እየጨሰ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ ለጥፈው በአራት እግራቸው ወደ ሸምበቆው መዳህ ጀመሩ።

"መምህር፣ ምን ይፈልጋሉ? ኑ እንጂ፣ ፎቶ እንነሳ!"

"አባትየውን" አሉ መምህር ሳኩዞ። "ልጅ ያለ አባት አይወለድም። ንብም ከሰማይ አታመጣም።"

ሳቁ እየሳሳ ሄደ። መምህሩ ሸምበቆውን ከፈሉት። ዘግይታ ያበበች አንዲት አበባ ተንጠልጥላለች። ጉሮሮዋን አዩ፤ መርፌዋ ተደብቋል። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ከሥሯ አስገብተው አፈር አወጡና መዳፋቸው ላይ ዘረጉት። የካያኖ አፈር እንደ ከሰል ጥቁር ነው። በዚያ ጥቁር አፈር መሃል ቢጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠጠሮች፣ ጥቃቅን፣ ብዙ፣ ያበራሉ። ችግኝ ቤቶች መትከያ ውስጥ ውሃ እንዳይቋጥር የሚያስገቡት ጠጠር ነው።

"ይህ የእኛ አፈር አይደለም" አሉ።

ሃያ ሦስት አንገት በአንድ ጊዜ ዞረ። ጌንጎ አራቱን ከረጢቶች እንደተሸከመ ቆሟል። ጠጠሩን አየ። የቤቱን ጠጠር ማወቅ አይቸግረውም። ቀጥሎ ቶዋኮን አየ።

አንድ እይታ ነበረች፤ ከዓይን ጥቅሻ አትረዝምም። ግን ቶዋኮ በዚያች እይታ ውስጥ ሁሉም ነገር እንደገባው አየች። የደረቀችው ተክል እንዳልደረቀች። ለምን እንደዋሸችው። የት እንዳደረሰቻት።

ቶዋኮ ዐይኗን ወደ ጭቃው ጣለች። እዚያው እንዳሉ ቀሩ።

"እኔ ነኝ" አለ ጌንጎ፣ ከረጢቶቹን እያወረደ። "እኔ ነኝ የተከልኳት።"

"አውቄው ነበር!" አሉ አንዱ። "እባብ! የእባብ ልጅ!" አሉ ሌላው። ወይዘሮ ፉሳኤ ጠዋት ራሳቸው የሰጡትን የገብስ ሻይ ጠርሙስ ከወገቡ ቀምተው መሬት ላይ ደፉት።

ወይዘሮ ኪኑዮ ከጭቃው ተነሡ። ፊታቸው ላይ እንባውና ቁጣው አብረው ይወርዳሉ።

"አያትህ ገደሏት። አንተ ደግሞ ለቀብሯ መጣህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማህን ሳስጥብ… ለካ መታጠብ የነበረበት ልብህ ኖሯል። ውጣልኝ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ትገኛለህ፤ ፍርድህን ቆመህ ትሰማለህ።"

ጌንጎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወጣ። ቶዋኮ ምላሷ የሌላ ሰው ሆኖባት ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ደፋር አድርጋ ታይ ነበር፤ ፈሪ መሆኗን ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ሐፍረቱ ከጭቃው ይልቅ ወደ ታች ጎተታት።

*

ከመሣሪያ ማስቀመጫው ጎጆ ጀርባ አገኘችው። የዕለቱን ቅጽ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሞላል።

"ማን ውሰድልኝ አለህ?" አለችው።

"ምን?"

"ጥፋቴን! ማን ውሰደው አለህ? ለምነህ ነው? ተበድረህ ነው? የሰው ጥፋት ዝም ብሎ ከመሬት ይነሣል እንዴ?"

"ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።"

"ይስሙ! ጀግና ነኝ ብለህ ይሆናል። ጀግና አይደለህም፤ ሌባ ነህ!"

ጌንጎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አያት።

"ስሚኝ። እኔን ቀድሞም ይጠሉኛል። ጥላቻቸው ተራራ ነው፤ አንድ ቁና አፈር ቢጨመርበት ማን ያውቃል? አንቺን ግን ከዚህ ረግረግ ቢያስወጡሽ ምን ይተርፍሻል? አበባ ነው የምትቆጥሪው፤ አበባ ነው የምታልሚው። አንድ ሳምንት አትቆይም፤ ትጠወልጊያለሽ።"

"ይህን ሁሉ አስበህልኝ ነው? እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ ትሰማለህ? በየእሑዱ እዚያ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ስምህን እየተፋ፣ እኔ አበባ እየቆጠርኩ፣ 'አዎ፣ ያ ወራዳ ታካባ' እያልኩ እንድኖር ነው የፈለግኸው? ይህ ነው ስጦታህ?"

"ደረቀችብኝ ብለሽ የዋሸሽኝ አንቺ ነሽ" አለ ጌንጎ። "እኔ እኮ ስትጥያት ነው የታየኝ። ስጦታዬን ቆሻሻ ላይ። አንድ ወር ሙሉ እያንዳንዱን ሌሊት በዚያች ተክል ፈንታ እኔ ነኝ የደረቅሁት። እና እሷ እዚህ… ስታብብ…"

በጥፊ ልታጮለው የቶዋኮ እጅ ተነሣ፤ ፊቱ ጋ ሲደርስ ግን የምትፈልገው መምታት ይሁን መዳበስ ጠፋት፤ እንደዚያው አየር ላይ ቀረ። ወይዘሮ ፉሳኤ ከወዲያ "ቶዋኮ! ሰዓት ደረሰ!" ብለው ሲጣሩ እጇን ሰብስባ ሮጠች። ከጥላቻ ይበልጥ የሚያቃጥል ነገር እንዳለ ያወቀችው ስትሮጥ ነው።

*

የሰፈሩ አዳራሽ በሃያ ሦስት ሰው ሞላ፤ ቁጣው ግን የሺህ ሰው ነበር። አባላቱ ወለሉ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ጌንጎ በሩ አጠገብ ተንበርክኳል። ቶዋኮ ፊት ለፊት፣ ከእናቷ ጎን፣ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ዘርግታለች።

ወይዘሮ ኪኑዮ ቅጹን አንሥተው ያን ጠባብ የማስታወሻ ሣጥን አነበቡ። "'ተክሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አያውቅም። ጌንጎ ታካባ።' ይኸው፤ በእጁ ጽፏል።"

"ከከተማው ይውጣ!" አሉ አንዱ።

"ችግኝ ቤቱም ይዘጋ!"

"ስሙ በጋዜጣችን ይውጣ፤ በትልቁ ፊደል!"

"ቀለም ይበቃናል?" አሉ መምህር ሳኩዞ። ማንም አልሳቀም።

"እንወስን" አሉ ወይዘሮ ኪኑዮ። "አንደኛ፣ አሥራ አንዱም ፍሬ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ይህ ሰው ሁለተኛ እግሩ ረግረጉን አይረግጥም። ቶዋኮ፣ ጻፊ። 'ጌንጎ ታካባ የማኅበሩን የመጀመሪያ አንቀጽ በመጣስ…'"

የቶዋኮ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። በካያኖ ማኅበር ሠላሳ ዓመት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ አለ። አባቷ ጀምረውታል። እዚያ መዝገብ ላይ አንድ እግር አበባ ሳትታይ ታየች ተብሎ አልተጻፈም፤ ዝናብ ሳይዘንብ ዘነበ አልተባለም።

"ጻፊ እንጂ!"

"አልችልም።"

"እጅሽን ምን ያዘው?"

"ቃለ ጉባኤ ላይ ውሸት አይጻፍም፣ እማዬ።"

በሩ አጠገብ ጌንጎ ከጉልበቱ ብድግ አለ። "አትስሟት! ደክሟት ነው! ፀሐይ መትቷታል!"

"ዝናብ እየዘነበ ነው፣ አንተ ጅል" አለችው፤ ወደ መዝገቡም ጎንበስ አለች። በአዳራሹ ውስጥ የእስክሪብቶው ጭረት እንደ መጋዝ ተሰማ። ከጻፈች በኋላ ተነሥታ አነበበችው።

"'ተክሉን ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር ወደ ረግረጉ ያስገባችው የማኅበሩ ጸሐፊ ቶዋኮ ኢሶሳኪ ናት። ጌንጎ ታካባ ለመስኮት ብሎ ከሰጣት በቀር እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላወቀም። ጠዋት የተናገረው ሐሰት ነው።'"

ወይዘሮ ኪኑዮ ልጃቸውን ሳያዩ፣ መዝገቡን እያዩ ጠየቁ።

"ለምን?"

"ለአባቴ ነው ብዬ ነበር።" ቶዋኮ እንባዋን አልጠረገችም። "ለራሴ እንደዚያ ነበር የምለው። ውሸት ነው። በየዓመቱ ገብቼ እቆጥራለሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልወለደ። ይህን ስጽፍ ራሴን የጻፍኩ ይመስለኝ ነበር። እሱን አጥር ላይ ቆማችሁ ታሳጥቡታላችሁ፤ እኔ ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ አያለሁ። ከታካባ ቤት የመጣ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እዚህ ውስጥ ሳይገድል ሊኖር እንደሚችል ማየት ፈለግሁ። ስለምወደው ነው። እናንተ ስትስቁበት ከእናንተ ጋር የሳቅሁበትን ሰው ስለምወደው ነው።"

"ማየት ፈለግሽ" አሉ እናቷ።

"አዎ።"

"አየሽ?"

"አየሁ።"

"በአባትሽ ደም ላይ የሌላ ደም ደፋሽበት፤ ፍሬውን አየሽ፤ እኔም አብሬሽ አለቀስኩ፤ አስለቀስሽኝ።" ወይዘሮ ኪኑዮ ከመቀነታቸው ማጭዱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "እንግዲህ የወለድሽውን ራስሽ ቁረጪ። ያ ውሸታም ደግሞ ከረጢቱን ይያዝልሽ። ጸሐፊነትሽ እዚህ ያበቃል።"

ቶዋኮ ማጭዱን አነሣች። ሁሉንም አጣች፤ ልቧ ግን፣ ምን ነካው፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

*

ዝናቡ ጠጠር ይጥል ነበር። ሃያ ሁለቱ አባላት በዣንጥላቸው ሥር፣ ተክሎቹን ከከለለው ገመድ ወዲህ፣ እንደ ቀብር ቆሙ። ቶዋኮ ተንበርክካ የመጀመሪያዋን ፍሬ ቆረጠች። ጌንጎ ከረጢቱን ከፈተ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። እያንዳንዷ ፍሬ ከረጢቱ ውስጥ ስትወድቅ ድምፅ አልነበራትም፤ የሁለቱም ትከሻ ግን በየፍሬው ይዘል ነበር።

"ይቅርታ" አለች ቶዋኮ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

"ዝም ብለሽ ቁረጪ። ካለቀስሽ አታይም።"

"አላለቀስኩም። ዝናብ ነው።"

"ውሸታም።"

"አንተን ብሎ…"

ዘጠኝ። አሥር። ከዚያ የተደበቀችዋን ተክል ከነሥሯ፣ ከነቢጫ ጠጠሯ ነቀለች። ወደ አሥራ አንደኛዋ ፍሬ ስትደርስ ግን ማጭዱ ቆመ። ፍሬዋ ጫፏ ተሰንጥቆ ተከፍቷል። ቶዋኮ በጣቷ ነካ አደረገቻት። ባዶ ናት።

መምህር ሳኩዞ ገመዱን ተሻግረው መጡና አጉሊ መነጽራቸውን ደቀኑ።

"ዘርታለች" አሉ። "ቢያንስ ሠላሳ ፍሬ ዘር መሬት ገብቷል። በመጪው ጸደይ ይበቅላል። ያልበቀለው በሚቀጥለው፣ ያልበቀለው በሚቀጥለው…"

"ይነቀላላ!" አሉ ወይዘሮ ኪኑዮ።

"ማን ይነቅለዋል? የሳኩራሶ ቡቃያ የስፒል ራስ ታክላለች። ከሌላው ሣር ለመለየት በሆድ ተኝቶ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። አምስት ጸደይ።" መምህሩ ዞር ብለው አባላቱን አዩ። በዣንጥላዎቹ ሥር ሃያ አንድ ጥንድ መነጽር በጉም ተሸፍኗል። "ከእኛ መሃል እንኳን የስፒል ራስ፣ ስፒሉን ራሱ ማን ያያል? እኔ ዛሬ ጠዋት ብስኩት መስሎኝ የዋንጫዬን ክዳን ልበላው ነበር።"

ወይዘሮ ኪኑዮ ወደ ባዶዋ ፍሬ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ፣ ሊያዩት ወደማይፈልጉት ሰውዬም አዩ። ጥርሳቸው ሲፋጭ ከተማው ድረስ ተሰማ ቢባል ማጋነን አይደለም። ስልሳ ዓመት የተኮተኮተ ጥላቻ በአንድ በኩል፣ አንድ የአገር አበባ በሌላ በኩል፤ ሴትዮዋ መሃል ቆመው ተሰነጠቁ። የቱን እንደሚመርጡ ያልጠረጠረ ካያኖን አያውቅም።

"አባል አትሆንም" አሉት ለጌንጎ። "ከቤቴ ደጃፍም አትደርስም። ካርድ አልልክልህም፤ ስሞትም ቀብሬ ላይ እንዳላይህ።"

"እሺ ወይዘሮ።"

"በየጸደዩ ግን ትመጣለህ። ከእሷ ጋር። እዚህ በሆዳችሁ ተኝታችሁ የዘራችሁትን አንድ በአንድ ትነቅላላችሁ። አምስት ጸደይ። አንዲት ብታመልጥ ስድስት ይሆናል።"

"አታመልጠንም።"

"አላናገርኩህም!"

ዞረው ሄዱ። ዣንጥላዎቹም ተከተሏቸው፤ ማንም ደህና ዋሉ አላለም። ቶዋኮ ጭቃው ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ሌላ ሴት ከምትወደው ሰው ጋር የምትኖረው ቀለበት አጥልቃ፣ ተመርቃ፣ ተጨፍሮላት ነው፤ ለእሷ የደረሳት ይህ ነው፤ እርግማንና ጭቃ፣ በየጸደዩም የራሷን ቡቃያ በራሷ ጣት ማነቅ። የመጀመሪያዋን ስትነቅል አንጀቷ እንደሚቆረጥ ከአሁኑ ታወቃት። ጌንጎ ጎኗ ተንበርክኮ፣ ሳይነካት፣ እጁን ከእጇ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ጥቁሩ አፈር ላይ አሳረፈ። ከዚህ ቀደም በሜዳ ላይ፣ በግልጽ፣ እንዲህ ቀርቧት አያውቅም።

ቶዋኮ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ስለምትነቅላቸው ሁሉ አለቀሰች። እያለቀሰችም፣ እናቷ ቢሰሙ ይገድሏት ነበር እንጂ፣ ዘሩ ሠላሳ ብቻ ባይሆን፣ ሦስት መቶ ቢሆን፣ ሃምሳ ጸደይ ቢፈጅ ብላ ተመኘች።